ቀይ እጀታ ያለው ጣሳ

በደርግ ጊዜ ዱብቲ፣ ጥጥ እርሻው ላይ ስሠራ ውሻዬ ቁንጫ በቁንጫ ሆነና ቤቱን ለሁለታችንም ሲኦል አደረገው። ስታከክ መዋሌን ያዩት ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ፣ ሻይ የሚሸጡት የወሎ ሴት፣ ቀይ እጀታ ባለው ጣሳ ነጭ ዱቄት ይዘው መጡ። ውሻውን ከአንገቱ እስከ ጭራው ነሰነሱት፤ የተረፈውን አልጋዬ ሥር በተኑት። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። በማግስቱ ለምልክት እንኳ አንድ ቁንጫ ጠፋ!

ላመሰግናቸው ሻይ ቤታቸው ሄድኩ። ሻዬን ፉት እያልኩ «ለመሆኑ መድኃኒቱን ከየት አገኙት?» አልኳቸው። «ጥጡ ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጩት ልጆች ናቸው የሰጡኝ» አሉና ለሌላ ሰው ስኳር ሊዝቁ ጎንበስ አሉ። ከስኳሩ ጆንያ ይዘውት የወጡት ያንኑ ባለቀይ እጀታ ጣሳ ነው! እኛ እርሻው ላይ ያንን ዱቄት አፍና አፍንጫችንን ሳንሸፍን አንጠጋውም። ሻዩን ወዲያ ገፋሁት።

«እትዬ! ይሄ እኮ የመርዙ ጣሳ ነው!»

«አጥቤዋለሁ፣ ወላሂ!» አሉ ከት ብለው እየሳቁ። «ደሞ ዛሬ ምን አስደነገጠህ? ዓመት ሙሉ ዱቄቱንም የሻይህን ስኳርም በሱ እየሰፈርኩ አይደል የማጠጣህ?»