ወለላ ታማለች

ከሰዓት በኋላ፣ ጀሞ፣ ከኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ጠባብ የኮምፒውተር ሱቅ፤ የእድሩን ድረ ገጽ ሠርታ የምታስተዳድረው ብሥራትና ድረ ገጹ ሳይመጣ በፊት የእድሩ ጥሩንባ ነፊ የነበሩት ጋሽ ንጋቱ አንድ ስክሪን ፊት ተቀምጠዋል።

ብሥራት፦ አይሆንም ጋሽ ንጋቱ። በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብዬ አልለጥፍም።

ጋሽ ንጋቱ፦ አንቺን ምን ቸገረሽ? ባሏ እኔ ነኝ። ሞተች ያልኩሽም እኔ ነኝ።

ብሥራት፦ እትዬ ወለላ ይህን ቢሰሙ ምን ይላሉ?

ጋሽ ንጋቱ፦ ትስቃለች። መሳቅ ከቻለች።

ብሥራት፦ ሟርት ነው። ይተዉ፣ ክፉ አያናግርዎት።

ጋሽ ንጋቱ፦ ሟርቱንማ ሐኪሙ ጨርሶታል። «ወደ ቤት ውሰዷት፣ የምትወደውን ስጧት» አለኝ። ሐኪም እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ብሥራት፦ አውቃለሁ። እንዲህ መድረሳቸውን ግን አላወቅሁም። ለማን ነገሩ?

ጋሽ ንጋቱ፦ ለማን ልንገር? ያ ሁሉ ሰው የት አለና? ሰፈራችን ሳይፈርስ ወለላ ካስነጠሳት ከአጥር ማዶ «ይማርሽ» የሚላት ነበር። ዛሬ አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ። እኛ እዚህ ፎቅ ላይ ተሰቅለናል። ጎረቤቴ በሩን ሲዘጋ እሰማዋለሁ፣ ፊቱን ግን አላውቀውም።

ብሥራት፦ ይደውሉላቸዋ።

ጋሽ ንጋቱ፦ ደወልኩ እንጂ። «ውይ በሞትኩት! እሑድ እንመጣለን» ይሉኛል። እሑድ ይመጣል፣ እነሱ ይቀራሉ። አልፈርድባቸውም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ታክሲውም መከራ ነው። ደግሞም በሽተኛ ይጠብቃል ይላል ሰው። የማይጠብቀው ሬሳ ነው።

ብሥራት፦ እና ሬሳ እናድርጋቸው?

ጋሽ ንጋቱ፦ ሞተች ብትዪያቸው ነገ ጠዋት ደረጃው አይበቃቸውም። ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ነው የሚመጣው። «ሰው ካልሞተ ወይ ካልራቀ አይመሰገንም» ይሉ የለ? ትመስገን፣ ጆሮዋ ሳይደፈን።

ብሥራት፦ መጥተው በሕይወት ሲያገኟቸውስ?

ጋሽ ንጋቱ፦ ይሰድቡኛል። ልሰደብ። ወለላ ግን ታያቸዋለች።

ብሥራት፦ ከዚያ በኋላ ደግሞ እኔ እውነተኛ ሞት ስለጥፍ «ንጋቱ ሚስቴ ሞተች እንዳለው ነው» ብለው ይቀራሉ። የአንድ ምስኪን ቀብር ባዶ ይሆናል። እርስዎ በዕድሜዎ አንዴ እንኳ በውሸት ጥሩንባ ነፍተው ያውቃሉ?

ጋሽ ንጋቱ፦ አልነፋሁም።

ብሥራት፦ ታዲያ።

ጋሽ ንጋቱ፦ አይ አንቺ። ስምሽን ብሥራት አሉት፣ ሥራሽን መርዶ አደረጉት።

ብሥራት፦ እርስዎስ? ንጋቱ ተብለው በንጋት መምጣትዎን ማን ወድዶት ያውቃል?

ጋሽ ንጋቱ፦ ማንም። ልጅ የሚያስፈራሩት በኔ ስም ነበር። ወለላ ብቻ ናት ጥሩንባውን ከኔ እኩል ተነሥታ የምታወርድልኝ። እኔ ሰፈሩን ዞሬ ሳልጨርስ እሷ ሟች ቤት ደርሳ ቤቱን ጠርጋ፣ ውሃ ቀድታ፣ ባለ ሐዘኗን አቅፋ ተቀምጣለች።

ብሥራት፦ አባዬ ሲሞት ከእማዬ ጎን ያደሩት እሳቸው ናቸው። ድንኳኑ ከተነሣ፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው የምልዎት። እማዬ ስታለቅስ እጇን ይዘው ዝም ይሉ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «በቃሽ» አላሏትም።

ጋሽ ንጋቱ፦ እሷ በቃሽ አታውቅም። «ይውጣላት» ነው የምትለው። ትናንት ምን አለችኝ መሰለሽ? «ንጋቱ፣ እኔ የማን ለቅሶ ነው የቀረሁት?» «የማንም አልቀረሽም» አልኳት። «አይ፣ እስቲ አስብልኝ። አንድ ቤት ቀርቼ ይሆናል፤ ቂም ይዘውብኝ ይሆናል» አለችኝ። ሰው የቀረባት በድላው መስሏታል።

ብሥራት፦ እንደሱ አሉ?

ጋሽ ንጋቱ፦ ሌሊቱን ሙሉ የሟቾችን ስም እየጠራች ስታስብ አደረች። የቀረችበትን ቤት ፍለጋ።

ብሥራት፦ ወንበርዎን ወደዚህ ያስጠጉ።

ጋሽ ንጋቱ፦ ምን ልታደርጊ ነው?

ብሥራት፦ ይኼ ድረ ገጹ ከጓዳው በኩል ነው። ሰው የሚያየው ሳሎኑን ነው፤ እኔ የማሰናዳው ከዚህ ነው። አዲስ ገጽ እከፍታለሁ። «የታመመ ጥየቃ» ብዬ።

ጋሽ ንጋቱ፦ ኮሚቴው ከሞት በስተቀር አትለጥፊ ብሎሽ የለ?

ብሥራት፦ ኮሚቴውን እኔ እችለዋለሁ። የሚያስቸግረኝ ቴሙ ነው።

ጋሽ ንጋቱ፦ እሱ ደግሞ ማነው?

ብሥራት፦ የገጹ ልብስ ነው። ቀለሙ፣ ክፈፉ፣ የፊደሉ ቅርጽ ተሰፍቶ ይመጣል፤ እኔ በልካችን አጠበዋለሁ፣ አሰፋዋለሁ። ይህን ለእድር ይሆናል ብዬ የመረጥኩት ስለሆነ ፎቶ በሰጠሁት ቁጥር ጥቁር ያለብሰዋል።

ጋሽ ንጋቱ፦ የፊተኛው አይሻልም ነበር?

ብሥራት፦ የፊተኛው የሠርግ ነበር እኮ። የአቶ ባዩን ዕረፍት ስለጥፍ ከላይ ልብ እየዘነበባቸው ተቸገርኩ።

ጋሽ ንጋቱ፦ ሚስቱ ወዳው ነበር። «ባዩ በሠርጉም ቀን እንዲህ አላማረበት» አለች።

ብሥራት፦ ይኸው፣ ጥቁሩን ገፈፍኩት። ምን ቀለም ይሁን?

ጋሽ ንጋቱ፦ ቢጫ። ቢጫ ሹራብ አላት፣ በሙቀትም አታወልቀው።

ብሥራት፦ ቢጫ ሆነ። ፎቶስ?

ጋሽ ንጋቱ፦ ስልኬ ላይ አለ። ይቺ ናት፤ ትናንት ነው ያነሣኋት።

ብሥራት፦ ይቺ ትቅር።

ጋሽ ንጋቱ፦ ምን ሆነች?

ብሥራት፦ ምንም። ከስተዋል።

ጋሽ ንጋቱ፦ ታማ አይደል? ወፍራሟን ብትለጥፊ ማን ታማለች ብሎ ያምናል?

ብሥራት፦ እሳቸው ቢያዩት ይወዱታል?

ጋሽ ንጋቱ፦ አትወደውም። ወደ ኋላ ግፊው። ግፊው፣ ግፊው። እዚህ ላይ ቁሚ። በረንዳችን ላይ ናት፣ ይህን ቤት የገባን ሰሞን።

ብሥራት፦ እየሳቁ ነው።

ጋሽ ንጋቱ፦ «ከዚህ ሆኜ ጥሩንባ ብነፋ ማን ይሰማኝ ይሆን?» ብያት ነው። «ታች ያለው ዘበኛ» አለችኝ።

ብሥራት፦ ይህን እናድርግ። አሁን ጽሑፉን ይንገሩኝ።

ጋሽ ንጋቱ፦ እሺ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ የእድራችን አባል የአቶ ንጋቱ ባለቤት፣ ወይዘሮ ወለላ፣ ከዚህ ዓለም ድካም…»

ብሥራት፦ ጋሽ ንጋቱ።

ጋሽ ንጋቱ፦ አፌ ነው። አፌ ይቆረጥ።

ብሥራት፦ ቀስ ይበሉ።

ጋሽ ንጋቱ፦ ሌላ አላውቅም እኮ ልጄ። ስንት ዘመን የጮህኩት ይህንኑ ነው። ለታመመ ሰው ምን ተብሎ ይለፈፋል?

ብሥራት፦ አይለፍፉ። ለኔ እንደነገሩኝ ይንገሯቸው።

ጋሽ ንጋቱ፦ እንግዲያ ጻፊ። «ወለላ ታማለች። ቤታችን ጀሞ ነው። ሰው ታውቃለች፣ ትናገራለች። የምትመጡ ምንም እንዳትይዙ፤ ብርቱካኑንም ሙዙንም አትበላም። የራባት ሰው ነው።»

ብሥራት፦ «የራባት ሰው ነው።»

ጋሽ ንጋቱ፦ በዛ?

ብሥራት፦ አልበዛም።

ጋሽ ንጋቱ፦ ቀጥለሽ «የማንም ለቅሶ ቀርታ አታውቅም» በዪ። አይ ተዪው፣ ውለታ መቁጠር ይመስላል። አጥፊው።

ብሥራት፦ አጠፋሁት። ከሥሩ ሰዎች የሚጽፉበት ቦታ አለ። የጻፉት መጀመሪያ ለኔ ይመጣል፤ እኔ አይቼ ስፈቅድ ነው የሚወጣው።

ጋሽ ንጋቱ፦ ደግ። ለቁም ነገረኛም ለባለጌም እኩል በር አይከፈትም።

ብሥራት፦ አሁን ይህችን ስጫን የአባላቱ ሁሉ ስልክ ላይ ይደርሳል። የምታደርሰው ፕለጊኗ ናት። ቤት ሠርተው ሲያበቁ ጎን ላይ ክፍል እንደሚቀጥሉት ማለት ነው፤ ድረ ገጹ ላይ ትቀጠላለች። የእርስዎን ጥሩንባ የተካችው እሷ ናት።

ጋሽ ንጋቱ፦ ይቺ ናት? እኔ ሰው መስላኝ ቂም ይዤባት ነበር።

ብሥራት፦ ልጫን? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ጋሽ ንጋቱ፦ ተጫኚ። ሄደ?

ብሥራት፦ ሄደ።

ጋሽ ንጋቱ፦ ድምፅ የላትም።

ብሥራት፦ የላትም።

ጋሽ ንጋቱ፦ እኔ ስነፋ ውሻ ይጮሃል፣ መስኮት ይከፈታል፣ አንዱ «ማነው ደግሞ?» ይላል። ሰው መስማቱን አውቃለሁ። በዚህች ግን በምን ይታወቃል?

ብሥራት፦ ትንሽ ይታገሡ። ይኸው፣ አንድ ሰው ጻፈ።

ጋሽ ንጋቱ፦ ማነው?

ብሥራት፦ እትዬ ጽጌ፣ ከኮዬ ፈጬ።

ጋሽ ንጋቱ፦ ጽጌ ልብስ ሰፊዋ። የወለላ ወዳጅ ናት። ምን አለች?

ብሥራት፦ ቆይ ሌላም እየገባ ነው።

ጋሽ ንጋቱ፦ የጽጌን አንብቢልኝ እንጂ፣ መነጽሬን አልያዝኩም።

ብሥራት፦ ጋሽ ንጋቱ፣ ሰዎቹ አላነበቡትም።

ጋሽ ንጋቱ፦ ሳያነቡ ምን ጻፉ?

ብሥራት፦ «ነፍስ ይማር» ብለዋል።

ጋሽ ንጋቱ፦ ማን ሞተ ብለው?

ብሥራት፦ ከዚህ ድረ ገጽ መጥቶላቸው የሚያውቀው ሞት ብቻ ነው። ስሙንና ፎቶውን አይተው እዚያው ላይ አበቁ። ታማለች የሚለውን በትልቁ ጽፌዋለሁ፣ ይኸው ይዩት።

ጋሽ ንጋቱ፦ ሌላኛውስ?

ብሥራት፦ የአቶ ባዩ ልጅ ነው። «እትዬ ወለላ እናቴ ነበሩ። ነገ በጠዋት እንገኛለን።» ከሱ ሥር ደግሞ አንዱ «ድንኳኑ የት ነው የተተከለው?» ይላል።

ጋሽ ንጋቱ፦ «ነበሩ» አለ?

ብሥራት፦ «ነበሩ» ነው ያለው። አሁኑኑ እርማት እልካለሁ።

ጋሽ ንጋቱ፦ ቆይ። የጽጌ እሱ ብቻ ነው?

ብሥራት፦ ይቅርብዎት። ያምዎታል።

ጋሽ ንጋቱ፦ አንብቢው ልጄ።

ብሥራት፦ «ነፍስ ይማር። ወለላዬ፣ ልጄን የቀበርኩ ጊዜ ስሜን እየጠራሽ እህል ያጎረስሽኝ። እኔ ግን ታመሽ እንኳ ሳልሰማ፣ ሳልጠይቅሽ ሄድሽብኝ። ማልጄ እመጣለሁ፤ ምን ይጠቅምሻል።»

ጋሽ ንጋቱ፦ «ምን ይጠቅምሻል» አለች?

ብሥራት፦ አዎ።

ጋሽ ንጋቱ፦ እኔ ስደውልላት የልጅ ልጇ ነበር ያነሣው። አልነገራትም ማለት ነው።

ብሥራት፦ አልነገራቸውም። እኔ ግን እርማቱን ልላክ፤ ሰው ድንኳን ፍለጋ እንዳይንከራተት፣ እርስዎንም ውሸታም እንዳይሉዎት። «አልሞቱም፣ ታመው ነው» ብዬ።

ጋሽ ንጋቱ፦ የላክሽው ምን ይላል?

ብሥራት፦ «ወለላ ታማለች።»

ጋሽ ንጋቱ፦ እውነት አይደለም?

ብሥራት፦ እውነት ነው።

ጋሽ ንጋቱ፦ ታዲያ ምኑን ታርሚዋለሽ?

ብሥራት፦ ካረምኩት «እሑድ እንመጣለን» ይላሉ፤ ያ ገብቶኛል። ግን ያስቡት። ደረጃውን «ወለላዬ፣ ወለላዬ» እያሉ በጩኸት ሲወጡ እሳቸው አልጋቸው ላይ ሆነው የገዛ ለቅሷቸውን ይሰማሉ። ይህን ይወዳሉ?

ጋሽ ንጋቱ፦ እሱን አልወድም።

ብሥራት፦ ልላከው እንግዲህ?

ጋሽ ንጋቱ፦ ተዪው፣ ይምጡ። እኔ ከማለዳ ጀምሮ ታች ደረጃው ሥር ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ፤ አፉን ሊከፍት የመጣውን ሁሉ እጁን ይዤ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ያዘቀዘቃችሁትን ነጠላ አስተካክላችሁ ልበሱና ግቡ፤ አለች» እለዋለሁ።