በርሜሉና በሬው

ወደ ጎንደር በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡት ባልና ሚስት ገና ከወረታ ሳንወጣ መጨቃጨቅ ጀመሩ። ነገሩ ትናንት ካድሬው በቀበሌ አዳራሽ ያሳየው ፊልም ነው፤ ሰዎቹ በሥዕል የተሠሩ፣ ታሪኩ ጠፈር ላይ።

«ያ አለቃ ጨካኝ ነው» አለ ባል። «የሚተነፍሱትን አየር የያዘውን በርሜል ወደ መንኮራኩሩ አስገብቶ ጓደኛውን ውጭ ተንጠልጥሎ ተወው!»

«ኋላ ተመለሰለት እኮ።»

«ሰው ይቀድማል!»

«በርሜሉን ቢተወው ሁሉም ታፍነው ባለቁ ነበር። ካድሬው እንኳ ማንን እንደሚያወግዝ ቢቸግረው ሁለቱንም አወገዘ።»

«እኔ ብሆን ሰውየውን ነበር የማስቀድመው።»

አውቶቡሱ የርብን ድልድይ መሻገር ሲጀምር ሚስት ወንዙን አየት አደረገችው።

«አምና ክረምት ርብ ሞልቶ ቤታችን ሲገባ መጀመሪያ ማንን አወጣህ?»

«...በሬውን።»

«እናቴስ?»

«ጣሪያ ላይ ወጥተው ነበር። ‹በሬውን አስቀድም፣ በምን ልታርሱ ነው?› ያሉኝ ራሳቸው ናቸው!»

«እሱንስ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ምን ሁን ነው የምትይኝ?»

«በሬውን ጉብታው ላይ ካሰርክ በኋላ ቁጭ ብለህ ድርቆሽ ታበላው ነበር አሉ።»

«አንድ እቅፍ ብትሆን ነው።»

«እናቴ ጣሪያ ላይ ሆና እያየችህ?»

«እየተሳደቡ ነበራ! የሚሳደብ ሰው ደህና ነው ብዬ ነዋ።»

«ያ ጨካኝ ያልከው አለቃ እንኳ በርሜሉን ድርቆሽ አላበላውም።»

መውረጃዬ ይፋግ ነበር፤ አፌን በጋቢዬ ሸፍኜ፣ ይፋግን አልፌ አዲስ ዘመን ከተማ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ።