የኪዮቶዋ እማማ መጥረጊያ

ኤርፖርት ስለምሠራ ትኬት በርካሽ አገኘሁና ከባለቤቴ ጋር ጃፓን ሄድን። ኪዮቶ ላይ አስጎብኚያችን የእንጨት ቤቶች ግራና ቀኝ የተጠጋጉበት አንድ ጠባብ የድሮ መንገድ ውስጥ ይዛን ገባች። እሷ ስለ ቤቶቹ ዕድሜ ስታስረዳ የእኔ ዓይን ጎንበስ ብለው ደጃቸውን የሚጠርጉ አሮጊት ላይ አረፈ። ሶ፣ እንዴት ዝም ብዬ አልፋለሁ? «እማማ፣ እኔ እያለሁ!» ብዬ በአማርኛ መጥረጊያውን ከእጃቸው ወሰድኩ። የሳቸውን ደጅ ጨርሼ የጎረቤታቸውንም እስከ ጥግ ድረስ አጸዳሁላቸው። ቀና ስል አስጎብኚያችን ፊቷ ተለዋውጧል። «እዚህ የራስህን ደጅ ትጠርግና የጎረቤትህን ስንዝር ያህል ብቻ ትነካለህ፤ ያ ሰላምታ ነው። ሁሉንም ከጠረግህ ግን ‹ቆሻሻ ነህ› ማለት ነው» አለችኝ። ወዲያው የጎረቤትየው በር ተከፈተ። ሰውየው ደጃቸውን አዩ፤ ለአሮጊቷ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና የራሳቸውን መጥረጊያ አምጥተው እኔ የጠረግሁትን እንደገና መጥረግ ጀመሩ። ባለቤቴ የማታውቀኝ መስላ ራቅ ብላ ቆመች።

ወደምንኖርበት ከተማ ወደ ሜስኪት ተመልሰን የግቢያችንን ሣር ሳጭድ በትምህርቱ ልጠቀም አልኩ። የራሴን ጨርሼ ከጎረቤቴ ከጋሽ ከማል ሣር ስንዝር ያህል አጨድኩና ማሽኑን አጠፋሁ። ጋሽ ከማል በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር።

«ምነው፣ ነዳጅ አለቀብህ?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ፣ ሰላምታ ነው።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ጓሮውንም ሰላም በልልኝ» አሉኝ።