ሳይዳስሱ ማከም ይቻላል ወይ?

ሊፍቱ ባይበላሽ ኖሮ አቶ ሐብተማርያምና ሮሃ ባልተገናኙም ነበር።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ነው። ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ ሕንጻ ሥር አቶ ሐብተማርያም ዘበኛው በለቀቀላቸው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉመቤት አጠገባቸው ቆመዋል። ክሊኒኩ ያለው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከከተማዋ ዳር ከሩዋካ ተነሥተው፣ በመኪና ጭንቅንቅ ሁለት ሰዓት ተንገላተው መጥተው፣ ደረጃው ሥር ቀሩ። ዘበኛው በስዋሂሊ «ፖሌ ምዜ»፣ አይዞዎት አባቴ እያለ ያዝንላቸዋል፤ እሳቸው ግን ሐዘኔታው ይበልጥ ከበዳቸው።

አቶ ሐብተማርያም ናይሮቢ መሃል ከተማ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሲነግዱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ባለፈው የካቲት አንድ ጠዋት ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ ሲሉ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ፤ እግራቸውም ተከተለው። ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ ጎናቸው ግን የሌላ ሰው አካል ሆነባቸው።

አማርኛ ሲያወሩ የሰማች አንዲት ወጣት ከደረጃው ወርዳ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ወደ ላይ ነበር?»

«ነበር ልጄ። ዛሬ ግን አራተኛ ፎቅ ሰማይ ሆነብን።»

ወጣቷ ሮሃ እንደምትባል፣ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ እንዳደገች፣ በሁለተኛው ፎቅ በፊዚዮቴራፒስትነት እንደምትሠራ ነገረቻቸው። «የኔ ፔሸንቶች ግን ብዙዎቹ ይህን ደረጃ አይተውት አያውቁም» አለች።

«ታዲያ በምን ይመጣሉ?»

«እኔ ነኝ የምሄደው፤ በስልክ፣ በቪዲዮ። አንዷ ሰሜን ኬንያ፣ ማርሳቢት ናት፣ ሌላው ላሙ ደሴት። ቤታቸው ሆነው ይሠራሉ፤ እኔ እያየሁ አርማቸዋለሁ።»

አቶ ሐብተማርያም ፈገግ አሉ፤ ፈገግታውም ከግራ በኩል ብቻ ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ልጄ፣ አትቀየሚኝ፤ ሕክምና ማለት እጅ ነው። ባገራችን ወጌሻ አጥንት ሲያቃና በጣቱ ነው የሚያየው። ሳይዳስሱ ማከም ይቻላል ወይ?»

እውነቱን ለመናገር፣ አቶ ሐብተማርያም አዲስ ነገር የሚጠሉ ሰው አልነበሩም። ከዱባይ ዕቃ የሚያዝዙት በስልክ ነው። ሰው ግን ሌላውን ሁሉ ለዘመኑ አስረክቦ፣ ገላው ላይ ሲደርስ ወደ አያቶቹ ይመለሳል።

«ምን ይሠሩ ነበር ጋሼ?» ስትል ጠየቀች ሮሃ።

«መለዋወጫ እሸጣለሁ።»

«ደንበኛ ደውሎ የሞተሩን ድምፅ ቢያሰማዎት፣ ምን እንደጎደለው አያውቁም?»

«እንዴት አላውቅም! ብሎኑን የሚፈታው ግን መካኒኩ ነው።»

«እዚህም ብሎኑን የሚፈቱት እርስዎ ነዎት። እኔ ቀኑን ሙሉ እግርዎን ባሽ፣ እግርዎ መራመድ አይማርም። የሚማረው እርስዎ ሲደጋግሙት ነው። በሳምንት ስንት ጊዜ ይምጡ ተባሉ?»

«ሦስት።»

«ስንቴ መጡ?»

አቶ ሐብተማርያም ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ከፋሲካ ወዲህ አራት ጊዜ» አሉ ወይዘሮ ሙሉመቤት በቀስታ።

«ሌላም አለ» አሉ ባልየው፣ ፊታቸው ጠቁሮ። «ሚስቴ እንኳ ስታለብሰኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ይህን ውርደቴን ለካሜራ ልስጥ?»

ሮሃ ከወንበራቸው ፊት ቁጢጥ አለች። «እውነትዎን ነው» አለች። «ልብስዎን ለብሰው ነው የሚሠሩት። ሳያውቁት አይቀረጽም፤ ከኔ በቀርም የሚያይ የለም። ደግሞ ስልክ ሁሉን ይተካል አልልዎትም። መጀመሪያ በአካል መመርመር አለብዎ፤ ሐኪምዎም መፍቀድ አለበት። እጅ የሚፈልግ ነገር ሲመጣ ‹ይምጡ› እልዎታለሁ። ግን በሳምንት ሦስቴ አይንገላቱም።»

አቶ ሐብተማርያም አላመኑም። ሚስታቸውን ቀና ብለው ሲያዩ ግን፣ ያን ሁሉ ጊዜ ቆመው ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል። «እሺ፣ አንድ ጊዜ እንሞክረው» አሉ።

ሊፍቱ እንደተጠገነ ሮሃ በአካል መረመረቻቸው፤ ከሐኪማቸውም ጋር ተነጋገረች። በሚቀጥለው ሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ወይዘሮ ሙሉመቤት ስልኩን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አቆሙት። ገና ሰላምታ ሳያልቅ ምስሉ ቀጥ አለ።

«ይኸውላችሁ፣ ሐኪሟ ራሷ ደርቃ ቀረች» አሉ አቶ ሐብተማርያም።

ምስሉ ሲመለስ ሮሃ እየሳቀች ነበር። «ሰምቼዎታለሁ ጋሼ። እስቲ እንደ ወትሮው ከሶፋው ሲነሡ ያሳዩኝ።»

ሶፋው ለስላሳና ዝቅ ያለ ነው። አቶ ሐብተማርያም ግራ እጃቸውን በሚስታቸው አንገት ላይ ጠመጠሙ፤ ወይዘሮ ሙሉመቤት ጎንበስ ብለው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው አነሷቸው።

«ይቅርታ፣ አንዴ ይድገሙልኝ» አለች ሮሃ። ደገሙት። ሮሃ ወደ ስልኳ ጠጋ ብላ ወይዘሮ ሙሉመቤትን ተመለከተች። 

«እትዬ ሙሉመቤት፣ ወገብዎን ማመም የጀመረዎ መቼ ነው?»

ወይዘሮ ሙሉመቤት የነጠላቸውን ጫፍ ማፍተልተል ያዙ።

«ማንን ነው የሚያመው?» አሉ አቶ ሐብተማርያም።

«ተወው፣ ቀላል ነው።»

«ሙሉ፣ ጠየቅኩሽ እኮ።»

«ከሚያዝያ ጀምሮ ነው። ክኒን እየወሰድኩ ነው። አንተ ራስህ ታመህ ምን ልበልህ?»

አቶ ሐብተማርያም ቀስ ብለው ተቀመጡ። በቀን ስምንቴ፣ አሥሬ በዚያ አንገት ላይ ተንጠልጥለዋል። ከሚስታቸው ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝተው፣ ከአንድ ሳህን በልተው ያላዩትን፣ ሁርሊንግሃም የተቀመጠች ልጅ በስንዝር መስታወት ውስጥ አየችው።

«ክሊኒክ ስንመጣ ማንም አላየውም» አሉ በቀሰስተኛ ድምፅ።

«ክሊኒክ ያለው ወንበር ረጅም ነው ጋሼ፤ የሚያነሣዎትም ባለሙያ ነው። የታመመው ነገር ያለው ቤትዎ ውስጥ ነበር።»

ከዚያን ቀን በኋላ ክርክሩ ቆመ፤ ሥራው ግን ቀላል አልሆነም። ሮሃ ሶፋውን አስቀርታ ጠንካራ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ግድግዳ አስደግፋ አስቀመጠቻቸው። «እግርዎን ወደ ኋላ ይሳቡ። ጎንበስ ይበሉ፣ አፍንጫዎ ጉልበትዎን ይለፍ። አሁን ይግፉ! እትዬ፣ እርስዎ ጎናቸው ይቁሙ እንጂ አያንሷቸው።» በመጀመሪያው ቀን ሰባት ጊዜ ሞክረው ሰባት ጊዜ ተመልሰው ተቀመጡ። አንድ ማክሰኞ ተናደው ስልኩን በፊቱ ደፉት፤ ሮሃ ከጠረጴዛው ላይ በታፈነ ድምፅ «አለሁ ጋሼ፣ እጠብቃለሁ» አለች። ጠበቀችም። በሦስተኛው ሳምንት ማንም ሳይነካቸው ቆሙ። ወይዘሮ ሙሉመቤት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ለራሳቸው ወገብም ሮሃ ሐኪም ጋ ላከቻቸው።

አራት ወር አለፈ። ቀኝ እጃቸው ዛሬም የሸሚዝ ቁልፍ አይቆልፍም፤ ምናልባትም ከእንግዲህ አይቆልፍ ይሆናል። ግን በምርኩዝ ይሄዳሉ።

አንድ እሑድ ከሰዓት የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው በኃይሉ ሊጠይቃቸው መጣ። ሞምባሳ የምትኖር ታላቅ እኅቱ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከአልጋ መነሣት እንዳቃታት እያዘነ አወራ። አቶ ሐብተማርያም ስለ ሮሃ ሲነግሩት ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል አልሰሙም? በስልክ ምን ሊሆን?»

«ሰምቼ ነበር፤ ብዬም ነበር» አሉ አቶ ሐብተማርያም። «ስማኝ ወንድሜ። መንገድ ላይ የሚያልቀው ጉልበት ለእግር ይውላል። አልፎ አልፎ የነበረው ልምምድ በየቀኑ ይሆናል። ባለሙያዋ የምታስተካክለው የክሊኒኩን ወለል ሳይሆን የራስህን ደፍ፣ የራስህን ወንበር ነው። አስታማሚውም ይታያል፤ ይህን አትርሳ። ሰው ሲታመም ሁሉም ይጠይቀዋል፤ የሚያነሣውን ማን ይጠይቃል? መጀመሪያ በአካል ትታይ፣ ሐኪሟም ይፍቀድ፤ እጅ የሚያስፈልግ ዕለት ትሂድ። የቀረውን ግን በትዕቢት አታስቀሩባት። እኔ ብቻዬን ብሆን ትዕቢቴ እኔን ብቻ በጎዳኝ ነበር።»

በኃይሉ ስልኩን አወጣና «ቁጥሯን ይስጡኝ» አለ።

ሊሄድ ሲነሣ ወይዘሮ ሙሉመቤት ሊሸኙት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ተቀመጪ ሙሉ» አሉ አቶ ሐብተማርያም። እግራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ፣ አጎነበሱ፣ ተነሡ። በኃይሉ ክንዳቸውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ እሳቸው ዞር ብለው ሲያዩት ግን መልሶ ሰበሰበው። በሩን በግራ እጃቸው ከፈቱ። ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንድ እርምጃ በአንድ እርምጃ፣ እንግዳቸውን እስከ ግቢው በር ሸኙ።