አዲሱ ጎማና የሞጣ መንገድ

— ሄሎ! … ሄሎ! አዎ፣ ቢቸና ነው፤ የሰይድ ቆዳ መደብር። … ገላው? እኔው ራሴ ነኝ። ከሞጣ? ያገናኙኝ እህቴ፣ ቶሎ ያገናኙኝ።

— ሄሎ! ማን ልበል? … አያ ፋንታ! እንዴት አደሩ አጎቴ? አባዬስ እንዴት አደሩ? … ሄሎ፣ ይሰሙኛል? አባዬስ አልኩ! … ደከም ብለዋል? የላክሁትን ኪኒን ይውጣሉ? … ይውጣሉ። ተመስገን።

— ልመጣ ነው እኮ! ከንጋት ጀምሮ የምታገለው ለመምጣት ነው። … ሞተር ሳይክሏ ቆማለች። … አልተሰበረችም፣ ጎማ እየቀየርኩ ነው። … በእጄ ነዋ! ጎማ ቀያሪ ያለው ደብረ ማርቆስ ነው። እዚህ ያለነው እኔና አከራዬ ጋሼ ሰይድ ነን፤ ሁለት ማረሻ ይዘን ግቢው ውስጥ ጎማ እንፈለቅቃለን።

— እሁድ ዕለት አባዬ በዚሁ ስልክ ምን እንዳሉኝ ሰምተዋል? «በዚያ ባለቀ ጎማ፣ በነሐሴ ጭቃ እንዳትመጣ! አዲስ ሳታስገባ ደጄን እንዳትረግጥ!» አሉኝ። ታመውም ቁጣቸው አልቀነሰም። እሺ ብዬ አስመጣሁ፤ ትናንት ማታ በአውቶቡስ ደረሰልኝ።

— ምን ያዘህ ይሉኛል? አዲስ ነዋ፣ ድርቅ ያለ ነው፤ ቸርኬው ላይ አልገባ አለ። ጋሼ ሰይድ ደግሞ የሚያውቁት ቆዳ ነው። ደረቅ ቆዳ በኑግ ዘይት ሲታሽ ይለሰልሳል አሉና፣ ጎማውን ከነውስጡ ላስቲክ በኑግ ዘይት አሸነው። … አዎ፣ የኑግ ዘይት! ይሳቁ እንጂ። … ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

— ገባማ፣ ገባ። ግን ስንጠመዝዘው ማረሻው የውስጡን ላስቲክ በሳው፤ ያለኝም እሱ ብቻ ነው። ልለጥፈው ብል ላስቲኩ ዘይት ጠጥቷል፤ ማስቲሹ አልይዝ አለ። ሦስት ጊዜ ለጠፍኩ፣ ሦስት ጊዜ ተነፈሰ።

— (ጋሼ ሰይድ፣ በቤንዚን ይጥረጉት! … በቤንዚን! ዘኪያ፣ እባክሽ ለባልሽ ንጹሕ ጨርቅ አቀብያቸው!)

— አቤት አያ ፋንታ? … ሌላ መኪና የለም። አውቶቡሱ ማለዳ አልፏል፤ የአውራጃ ግዛቱ ላንድሮቨር ደብረ ማርቆስ ሄዷል። በበቅሎ ብነሳ የምደርሰው ነገ ማታ ነው። … ይቺ ጎማ ከያዘች ሦስት ሰዓት ይበቃኛል። … አሁን? አምስት ተኩል ሆኗል።

— እስከ ዘጠኝ ሰዓት? … ለምን እስከ ዘጠኝ? … እሺ፣ ዘጠኝ ባልደርስ አሥር ሰዓት እደርሳለሁ። ምን ልዩነት አለው? … ቄሶቹ ይቸኩላሉ?

— የምን ቄሶች?

— ሄሎ! አያ ፋንታ! እንዳይዘጉት! … የነፍስ አባታቸው ሊጠይቋቸው መጥተው ነው? … እሳቸውማ አንድ ናቸው፤ «ቄሶቹ» አሉኝ እኮ። … ለታመመ ሰው እስከ ዘጠኝ ተብሎ ሰዓት አይቆረጥም።

— አያ ፋንታ … አባዬን ገንዛችኋቸዋል?

— … አውቃለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። እርስዎም አልነገሩኝም፤ እኔ ነኝ የጠየቅሁ። … መቼ? … ጎህ ሲቀድ። … ጎህ ሲቀድ እኔ እዚህ ተንበርክኬ አሮጌውን ጎማ እያወለቅሁ ነበር። ምንም አልሆነም ነበር እኮ! ነፋሱ ሙሉ ነበር። በእሱ ሰኞ ብነሳ ኖሮ በሕይወት አገኛቸው ነበር። እየተንሸራተትኩም፣ እየወደቅሁም ቢሆን እደርስ ነበር አያ ፋንታ።

— (ምንም አይደለም ጋሼ ሰይድ። ይንፉ። … ኧረ ምንም አልሆንኩም፣ ይንፉ ብቻ!)

— ቀብራቸው እስከ ነገ ጠዋት አይቆይም? … አውቃለሁ፣ አይሆንም። እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው።

— ቆይ፣ አንዴ ይቆዩኝ፤ እየነፉት ነው። (ያዘ? … እስኪ ውሃ ውስጥ ይንከሩት! … አረፋ አለው?) … አረፋ አለው አያ ፋንታ። ከሁሉም ጎኑ ነው የሚወጣው። (ሣር? የምን ሣር?) … ጋሼ ሰይድ ሣር ጠቅጥቀህበት ሂድ ይሉኛል። ሣርማ ከከተማው ዳር አያወጣኝም። … ምን ላድርግ? እስኪ እርስዎ ይንገሩኝ፣ ምን ላድርግ?

— (አይ፣ በእርስዎ አይደለም ጋሼ። እኔም አብሬ አሽቻለሁ። ይተዉት በቃ፤ ይቀመጡ።)

— እማዬስ? … እንዴት አላስነካም አለች? … አልጋውን አቅፋ? … ልጄ ሳይደርስ ማንም አያነሳውም አለች? … ሽማግሌዎቹም ለምነዋት እንቢ አለች።

— እና እኔ ምን ልበል? … እኔ አንሷቸው ልበል? በአንደበቴ? … አንድ ልጃቸው ነኝ እኮ። ሬሳቸውን ሳላይ፣ አንድ እፍኝ አፈር ሳልመልስባቸው … ስልክ ይዤ አንሱ ልበል? … ገላው ካላለ አልለቅም አለች። እሺ። … እሺ፣ ገባኝ።

— እንዲህ በሏት። ጎማው አልያዝ ብሎት … አይ፣ ይሄን አትንገሯት። ጎማውን ቀይር ያሉኝ እሳቸው መሆናቸውን ከሰማች ዕድሜዋን ሙሉ ይቆጫታል። … ወንዝ ሞልቶበት ነው በሏት። አዎ፣ ወንዝ ሞልቶ ማዶ ቀርቷል በሏት። ገላው ማዶ ቆሞ አንሷቸው ብሏል በሏት።

— አዎ። ብያለሁ። አንሷቸው።

— … አለሁ። አልዘጋሁም። … ይሂዱ፣ ሰዉ ይጠብቅዎታል። … እርስዎ ይዝጉት አያ ፋንታ፤ እኔ አልቻልኩም። … ይዝጉት።