መጽሐፉ ውስጥ ያልነበረው ትምህርት

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ሮቢት አጠገብ ጎልማሶችን ፊደል አስተምር ነበር። አንድ ቀን ዘይነባ የምትባል ተማሪዬ፣ «እታለም፣ ይሄ አብሮን የሚማረው ሰይድ ሊጠልፈኝ ነው፤ አጃቢዎቹም እዚሁ የሚማሩት ጓደኞቹ ናቸው» ብላ አለቀሰችብኝ። ወንዶቹን ፊት ለፊት መናገር አፈርኩ። በማግስቱ መጽሐፉን ገልጬ፣ የማነብ መስዬ፣ ከራሴ አጻፍኳቸው፦ «ያልፈቀደችን ሴት መጥለፍ ግፍ ነው። ጠላፊን ያጀበም ጠላፊ ነው።»

ከጓደኞቹ አንዱ፣ አሊ፣ ተነስቶ በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ አነበበው። ሲጨርስ ወደ ሰይድ ዞረ።

«ሰይዶ፣ እኔስ ቀርቻለሁ።»

«ፊደል ቆጠርኩ ብለህ ልትከዳኝ?»

«ወላሂ፣ በእጄ የጻፍኩትን አላፈርስም።»

ሌሎቹም «እኛም ቀርተናል» አሉ። ብቻውን የሚጠልፍ የለምና ሰይድ ንዴቱን ይዞ ወደ እኔ መጣ።

«መምህርት፣ ገጹን አሳዩን እስቲ።»

«የመምህሩ መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው ያለው» አልኩና መጽሐፉን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት።

ዘይነባ ሳትጠለፍ ትምህርቷን ጨረሰች። በዓመቱ የተካኝ ዘማች፣ «ወንዶቹ በቃላቸው የሚሉት ትምህርት አለ፤ መጽሐፉ ላይ ብፈልግ አጣሁት» ብሎ ጻፈልኝ። ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ መልስ ግን አልጻፍኩለትም።