ሕልሙ ያልተነገረለት ብርድ ልብስ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የተከበራችሁ የእድራችን አመራሮች፣ የእሪ በከንቱ ጎረቤቶች፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ የአባዬ ደንበኞች፣ ደግሞም እናንተ ከኋላ ቆማችሁ ስልካችሁን የምትነካኩ የሰፈሬ ልጆች።

ከሁሉ በፊት፣ በዚህ ክፉ ቀን፣ በዚህ በተከፈተ መቃብር ፊት፣ አንድ በደል መናዘዝ አለብኝ። የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ገብረትንሣኤ እዚህ እንዳነብበው ሦስት ገጽ ንግግር ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። ጠዋት ሻይ እየጠጣሁ ከፈትኩት። ሁለተኛው መስመር ላይ «ታጋሿ እኅታችን ወይዘሮ እፀገነት» ይላል። ታጋሿ! ሳቄ አመለጠኝ። ሻዩ በአፍንጫዬ ወጣ። ሦስቱም ገጽ ላይ አረፈ። ጋሽዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሳይጨማለቅ የተረፈው ከታች ያለው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከራሴ እናገራለሁ።

ሰልዋ እባላለሁ። የልብስ ሰፊው የሙሄና የነጂባ ልጅ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። እትዬ እፀገነት ሰባ ሁለት ነበረች። ልጅ አልነበራትም፤ ዘመድም የቀረ የላትም። የነበራት የእግር ስፌት መኪናዋና እኔ ነን። ሦስት ዓመት ሙሉ አብረን ብርድ ልብስ ሰፍተን ሸጠናል። ባልደረባዬ ነበረች። በኛ ቋንቋ ጀለሴ ነበረች። «እርስዎ» ስላት «ሥራ ላይ እርስዎ የለም፣ እጅ ያስራል፤ አንቺ በይኝ» ስላለችኝ ነው አንቺ የምላት። እና ከፊት ያላችሁ እናቶች፣ በዚህ አትገላምጡኝ። እሷን ጠይቋት።

ታጋሽ አልነበረችም። ታጋሿ እኔ ነኝ!

እንዴት እንደጀመርን ታውቃላችሁ? አሥራ አራት ዓመቴ ነው። አባዬ ከራስ መኮንን ድልድዩ ሱቅ የተራረፈ ጨርቅ በማዳበሪያ ሞልቶ «ጣይልኝ» አለኝ። በበሯ ሳልፍ ያዘችኝ።

«ምንድነው እሱ?»

«ቆሻሻ ነው፣ እትዬ።»

«ቆሻሻስ አንቺ! ግቢ።»

ገባሁ። ማዳበሪያውን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ሱፉን ወደዚህ፣ ጥጡን ወደዚያ፣ ፖሊስተሩን ወደ በሩ። መርፌ አስያዘችኝ። ለአምስት ደቂቃ የወጣሁ ልጅ ሦስት ዓመት ቀረሁ። እኔ ምን በወጣኝ!

ሥራ ከሆነ አይቀር ብዬ የቴሌግራም ቻናል ከፈትኩ። «በእጅ የተሠራ የፒያሳ ኮምፈርት» ብዬ ጻፍኩ። ፎቶ አነሳሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ሴት ደወለች። እትዬ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ አነሳችው። «ኮምፈርት አላችሁ?» ስትላት ምን ብትል ጥሩ ነው? «እኛ የምንሰፋው ድሪቶ ነው። ኮምፈርት ከፈለግሽ ሱቅ ሞልቷል» ብላ ዘጋችባት። በእኔ ስልክ! በእኔ ደንበኛ!

ይሄ ሁሉ ግን ምንም አይደለም። ሰው የሚያሳብደው ደንቧ ነው። የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ማንኛውም ብርድ ልብስ ከመሸጡ በፊት እትዬ እፀገነት አንድ ሌሊት ትተኛበታለች። ጠዋት ሕልሟን ትናገራለች። ሕልሙ ደግ ከሆነ ይሸጣል። ክፉ ከሆነ ይተረተራል። አለቀ።

ይሄ ሥራ ነው? እስቲ ፍረዱኝ፣ ይሄ ሥራ ነው?

ውቤ በረሃ አልጋ የሚያከራዩት አቶ ተስፋሁን አራት አዘውን ነበር። እዚህ አሉ፣ ይመስክሩ። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ አያባራም። ሁለቱ አለፉ። የሦስተኛውን ውጤት ልሰማ ስሄድ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተርትራው ቁጭ ብላለች።

«ደግሞ ምን አየሽ?»

«መነጽር ያደረገ ዶሮ።»

«እና?»

«አፍጥጦ አየኝ።»

«እትዬ፣ ማታ ምን በላሽ?»

«ዱለት። ትንሽ።»

«ዱለቱ ነዋ! ብርድ ልብሱ ምን አጠፋ?»

«ዱለት ስበላ ኖሬያለሁ። ዶሮው ግን አዲስ ነው።»

አቶ ተስፋሁን እየሮጡ መጡ። «እትዬ እፀገነት፣ በእናትዎ፣ እንግዶቼ በብርድ አለቁ!» አሏት። ከመርፌዋ ቀና እንኳ አላለችም። «በርዷቸው ሲነሡ ሻይ ታጠጣቸዋለህ። ደንግጠው ሲነሡስ ምን ታደርጋቸዋለህ?» አለቻቸው። አቶ ተስፋሁን፣ ሁለቱን ብቻ ታቅፈው አልሄዱም?

ከዚያ ወዲያ ፈተና ባለበት ማታ እራቷን የምመርጠው እኔ ሆንኩ። አጃ። ጨው የሌለበት አጃ። የድርጅታችን የጥራት ቁጥጥር ይሄ ነበር። እኔ ምን በወጣኝ!

«እትዬ፣ ብርድ ልብስ ለሙቀት ነው» እላታለሁ። «ሰው የዕድሜውን ሲሶ ከሥሩ የሚያሳልፍበትን ነገር ሳልፈትሽ ልስጠው?» ትለኛለች። ያው በማግስቱ እንደገና፣ ከአንድ ጀምረን።

እናንተ ደግሞ አትሳቁ። አዎ፣ ሽማግሌዎቹን ነው የምለው። «ባዕድ ነገር ነው» እያላችሁ ስታሟት የከረማችሁ እናንተ አይደላችሁም? ጋሽ ገብረትንሣኤ፣ ልናገር? ልናገር ነው። ጋሽዬ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «በዚህ ዘመን ሕልም!» አሉ። ተጨበጨበላቸው። በማግስቱ በጓሮ በር መጡ፤ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው። «እፀገነት፣ የኔው ላይ ምን አየሽ?» «በቅሎ ስታዛጋ።» ፊታቸው በራ! «በቅሎማ ሹመት ነው!» ብለው ብርድ ልብሱን ታቅፈው ሄዱ። በወሩ ሊቀ መንበር ሆኑ። የማዛጋቱን ፍች ደግሞ ስብሰባቸው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

እሺ፣ እሺ። ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ጉዳዩ ይሄ እግሬ ሥር ያለው ከረጢት ነው።

የወይዘሮ ዓለምጸሃይ ልጅ ኤደን የዛሬ ሁለት ሳምንት ታገባለች። ያቻትላችሁ፣ ከእናቷ አጠገብ። ከወር በፊት ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ሻንጣ ይዘው ወደ እኛ መጡ። ውስጡ የኤደን አባት ሸሚዞች ናቸው። ሰባት ሸሚዝ። እሳቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሻንጣው ተከፍቶ አያውቅም ነበር። «ለልጄ ብርድ ልብስ አድርጉልኝ» አሉ። መቀሱን ስናነሳ ግን መቀመጥ አልቻሉም። ወጥተው ደጅ ቆሙ።

ሰፋነው። ኪሶቹን ሳንነካ፣ እንዳሉ ትተን ሰፋነው። እንደሱ የሚያምር ሠርተን አናውቅም። እትዬ ተኛችበት። ጠዋት «ባዶ ወንበር አየሁ» አለች። ለመንኳት። አለቀስኩባት። ተረተረችው! እንደገና ሁለት ሳምንት ሰፋን። ጣቴን እዩት። ሐሙስ ማታ፣ አጃዋን በልታ፣ እንደገና ተኛችበት። ዓርብ ጠዋት ሕልሟን ልጠይቅ ሄድኩ። አልተነሣችም።

እትዬ! የመጀመሪያውን ብታሳልፊው ምን ነበረበት? ባዶ ወንበር ምን ያደርጋል? ወንበር እኮ ነው! ያኔ እሺ ብትይ ኖሮ ይሄኔ ኤደን ቤት ነበር። አንቺም ያችን አሮጌ ጋቢሽን ለብሰሽ ታርፊ ነበር፤ ማንም ምንም አይልም ነበር። አሁን የተውሽልኝን ጣጣ እዪው!

ምክንያቱም ትናንት ድንኳን ውስጥ ሽማግሌዎቻችን ተቀመጡ። «ሰው የሞተበት ለሙሽራ አይሆንም» ተባለ። ወይዘሮ ዓለምጸሃይ አለቀሱ። የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ከተማ «ከቀብር ስንወጣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ላሉት ነዳያን ይሰጥ» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ተሸክማ እንድታመጣው የታዘዘችው ደግሞ ማን ናት? እኔ። ኤደንን የጠየቃት አለ? የለም።

በትሕትና አንድ ጥያቄ አለኝ። ለሙሽራ ክፉ የሆነ ነገር ለነዳይ ደግ የሚሆነው እንዴት ነው? በር ላይ የተቀመጡት አባባ ሕልም አያዩም?



ለእነሱ ሦስት አዲስ እሰፋለሁ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ቃሌ ነው። ይሄ ግን የኤደን አባት ሸሚዝ ነው። ሌላ ሰባት ከየት ታመጣለች?

ደግሞ «ሞተችበት» ትላላችሁ። መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ። እናንተ አላያችሁም። እስከ አገጯ ስባዋለች። ቀኝ እጇን አንዱ ኪስ ውስጥ ከታዋለች፤ ሰው መንገድ ላይ ሲበርደው እንደሚያደርገው። ፊቷ ላይ ቁጣ የሚባል ነገር አልነበረም። ሦስት ዓመት ሳውቃት ያለ ቁጣ ያየኋት ያን ጠዋት ብቻ ነው።

ግን ደንብ ነው። ፈተናው አላለቀም፤ ሕልሙ አልተነገረም። ከድርጅቱ የቀረሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ስስቅበት፣ ስሳደብበት፣ ስጨቃጨቅበት የኖርኩትን ደንብ ማን ይፈጽመው? ማታ ተኛሁበት።

አትጩኹ! አባዬ ሱቅ፣ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ። ዶሮም ይምጣ፣ በቅሎም ትምጣ፣ ወንበሩም ይምጣ ብዬ ጠበቅኩ። እሷም ብትመጣ ብዬ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልተኛሁ። ግን የሱቁ ቆርቆሮ ነፋስ ያስገባል፣ ታውቁታላችሁ። አልበረደኝም። እግሬ እንኳ አልበረደኝም። ሕልም አላየሁም፤ ሞቆኝ አደርኩ። የምመሰክረው ይሄንን ነው። የድርጅታችን ውሳኔም ይኸው፦ ያሞቃል። አልፏል።

ኤደን፣ ነይ ውሰጂው። ነይ እንጂ! ወይዘሮ ዓለምጸሃይ፣ ይልቀቋት። ምን አሉ? አልሰማሁም።

አለ። የግራ ኪሱም አለ። ሁሉም ኪስ አለ፣ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ። ይኸው፣ ይዳስሱት። ኑ፣ ለሁለት ያዙት፤ ይከብዳል። መንገድ ስጧቸው፣ ጋሽ ከተማ። እንደሱ።

እንግዲህ እትዬ፣ የቀረነው እኔና አንቺ ነን። ተናድጄብሻለሁ። ሰኞም ተናድጄ ነው የምነሣው። መኪናው ፊት ስቀመጥ «ጠርዙ ጠመመ» ብሎ የሚጮህብኝ ሰው ሳጣ ይብስብኛል። ማን እንዲህ አድርጊ አለሽ? የሰው ልጅ ሥራ አስተምሮ፣ አናዶ፣ አስለምዶ ይሄዳል?

በቃ። አሁን ተኚ። ጠዋት መጥቶ ምን አየሽ የሚልሽ የለም። ደህና ሁኚ፣ ጀለሴ። አባቶች፣ እኔ ጨርሻለሁ፤ አሁን …

«ሰልዋ! ለቅሶ ቤት ከሴቶቹ ጋር ነው የማድረው አላልሽኝም? ሰልዋ ሙሄ!»

አቤት፣ እማዬ። የሱቁን ቁልፍ የሰጠኝ እኮ አባዬ ነው።